መስኮቱ ድረስ

እትዬ መርፌ ጉልበቷ እንደሚያማት የወሰነችው ገና ከቤቷ ሳትወጣ ነው። ሕመሙ የት ላይ እንደሚጀምራት፣ እንዴት እንደምታቃስት፣ ምን ብላ እንደምትቀመጥ ሁሉ አስባ ጨርሳለች። የቀራት ነገር ቢኖር የትኛው ጉልበት እንደሆነ መወሰን ነበር፤ እሱን ረሳችው።

ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላት በሥራዋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሰው ልብስ ስትሰፋ፣ ስታጠብብና ስታሳጥር ኖራለች። መስኮቷ የሚያሳያት የጎረቤትን ግድግዳና በግድግዳው ላይ የሚወርደውን የውሃ ቧንቧ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ማየት አምሯት አያውቅም። ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ለእሷ ሰው የሚወድቅበት፣ ሰው የሚጠፋበት፣ ሰው ብርድ የሚመታው ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ስጋቷ ተጠራቅሞ ያረፈው በአንዲት ልጅ ላይ ነበር፤ በልጅ ልጇ ላይ። የልጅቱ እናት ሥራዋ ሩቅ አገር ስለሆነ ከጡት ጀምሮ ያሳደገቻት አያቷ ናት። «ፌንጣ» ብላ የሰየመቻትም እሷው ናት። ቁጭ ማለት የማታውቅ፣ ስትፈለግ ቁም ሳጥን ራስ ላይ የምትገኝ፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ከዚያችው መስኮት ዘልላ ቅንድቧን የተተረተረች ልጅ ሌላ ምን ትባላለች? ያን ቀን እትዬ መርፌ የሰው ቀሚስ መሬት ጥላ ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት ሮጣለች። ቁስሉ ከዳነ ዘመን አልፎታል። የእትዬ መርፌ ልብ ግን እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው።

ታዲያ ይህች ልጅ አድጋ የመረጠችውን ሥራ እዩልኝ! በተራራ ፓርክ የእንግዶች መሪ። ሰው አስከትሎ ገደል ለገደል መውጣት! አክስቷ ፋርማሲ ከፍታ፣ ወንበሩን አዘጋጅታ፣ «ነይ ልጄ፣ ከኔ ጋር ሥሪ» እያለች ስትለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ነጭ ጋዋኗ እንኳ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ የሰፋችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

የፓርኩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሥልጠናውን የጨረሰ መሪ ዓርማው ከመሰጠቱ በፊት፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይዞ በጣም ቀጥ ያለውን መንገድ ይወጣል፤ ያውም ከሁሉ የሚሰጋለትን ሰው። ለማያውቁት እንግዳ መሪ መሆን ይቀላል፣ የሚወዱትንና የሚነዘንዝን ሰው መምራት ነው ፈተናው ይላሉ። መድረሻው ከተራራው ጫፍ ሥር ያለ ከወዲያ ወዲህ የተበሳ አለት ነው፤ «መስኮቱ» ይሉታል። የዕለቱ እንግዳ የሚሉት ያ ዘመድ መስኮቱ ድረስ ከደረሰ መሪው ዓርማውን ያገኛል። ካልደረሰ ሌላ ሙያ ይፈልጋል።

ፌንጣ «ከሁሉ የሚሰጋልሽ ማን ነው?» ስትባል ለማሰብ እንኳ አልቆመችም። እትዬ መርፌም «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪደነግጥ ድረስ ቶሎ። ነገሩ ቀላል ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ይታመማል፣ ልጅቱ ፋርማሲ ትገባለች፣ ማንም ከማንም አይቀያየምም።

ከፓርኩ በር የደረሱት ጠዋት፣ ሣሩ ጤዛውን ሳያራግፍ ነው። በሩ አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ላይ ገመድ በያይነቱ፣ የእንግዳ በትርና የፋሻ ሳጥን ተሰቅሏል። የመሪዎቹ አለቃ ረጅም፣ ከሲታ፣ ቃል እንደ ጨው ቆንጥሮ የሚያወጣ ሰው ነው።

«እማማ፣ እኔ የለሁም ይበሉ» አላት። «ከኋላ እከተላለሁ እንጂ አልናገርም። መሪዎ እሷ ናት።»

«ብወድቅስ?»

«ያኔም መሪዎ እሷ ናት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አጽናናኸኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ፌንጣ ደግሞ የአያቷን ቦርሳ ከፍታ ትፈትሽ ነበር።

«እምዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ ነዋ።»

«ነፋሱ ከነጃንጥላሽ ይዞሽ ይሄዳል። እዚህ ይቀመጥ። ይሄስ?»

«ሹራብ።»

«ይሄስ?»

«ያንቺ ሹራብ።»

«ይሄኛውስ?»

እትዬ መርፌ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አለቃሽ ቢበርደውስ? ሰውነቱን አታይውም? አጥንቱ ብቻ እኮ ነው።»

አለቃው ከኋላ ሳል ያዘው። የለሁም ባለው መሠረት ግን ምንም አልተናገረም።

መንገዱ መጀመሪያ ደን ውስጥ ገባ። ዛፎቹ ያረጁ ናቸው፤ ከቅርንጫፋቸው አረንጓዴ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። ከሥራቸው መሬቱ እርጥብና ለስላሳ ነው፣ ኮቴ አያሰማም። የሆነ ቦታ ውሃ ይወርዳል፤ ይሰማል እንጂ አይታይም። እትዬ መርፌ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ድምጿን ቀነሰች። ለምን እንደቀነሰች ራሷም አላወቀችም።

«በቀስታ» አለች ፌንጣ ከፊት። «ወፍራም ጨርቅ እንደምትሰፊ ሆነሽ ሂጂ። ከቸኮልሽ መርፌው ይሰበራል።»

«አሁን ደግሞ ስፌት ልታስተምሪኝ ነው?»

«ማን አስተማረኝና!»

እንደተባለችው በስፌት መኪናዋ ፔዳል ልክ ተራመደች፤ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ። ትንፋሿ ተስተካከለላት። ይህም ትንሽ አናደዳት፤ ትንፋሽ ማጠር ለዕቅዷ ያስፈልጋት ነበርና።

ደኑ በድንገት አለቀ።

እትዬ መርፌ በትሯን ተደግፋ ቀረች። ፊት ለፊቷ መሬት የሚባል ነገር የለም። ገደሉ ከእግሯ ጀምሮ ወደታች ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ይሄዳል። ከማዶ ደግሞ ሌላ ተራራ ራቁቱን ቆሟል፤ ጎኑ በቀይና በግራጫ ድርብርብ እንደ ተጣጠፈ ጣቃ ጨርቅ ተደርድሯል። ከአናቱ ላይ አንድ ፏፏቴ ተወርውሮ መሬት ሳይነካ በነፋስ ተበትኖ ይቀራል። ውሃ ወድቆ ወድቆ ሲጠፋ አይታ አታውቅም።

«ኧረ ጉድ!» አለች። «ይሄ ሁሉ እዚሁ ነበር? እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ቧንቧ ሳይ?»

«እዚሁ ነበር።»

«ከዳሩ ራቂ! ራቂ ብያለሁ!»

ፌንጣ ከዳሩ አልራቀችም። በእሷና በገደሉ መካከል ቆማለች። እትዬ መርፌ ይህን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ ነፍሷ ጥፍሯ ውስጥ ገብታ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በአለቱ ጎን እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣ፤ በያንዳንዱ መታጠፊያ ተራራው ሌላ ነገር አወጣላት። አንዱ ጋ ከድንጋይ ስንጥቅ የበቀለች ነጭ አበባ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። ሌላው ጋ ገደሉ ጫፍ ላይ የዱር ፍየሎች ሳር ይግጣሉ፣ እንደ ሜዳ። እትዬ መርፌ ማነከስ መጀመር የነበረባት እዚህ ነበር። በፍየሎቹ ተጠምዳ አለፋት።

ያስታወሰችው ሰንሰለቱ ዘንድ ስትደርስ ነው። እዚያ መንገዱ መንገድነቱን ትቶ በአለቱ ደረት ላይ የተፈለፈለ እርከን ይሆናል። ስፋቱ ከአንድ ሰው አይበልጥም። በግድግዳው በኩል ወፍራም ሰንሰለት ተቸንክሯል። በሌላው በኩል አየር ነው።

ሁለት ሦስት እርምጃ አነከሰችና «ወይኔ ጉልበቴ!» ብላ ዘጭ አለች።

ለመውደቁ የሚሆን ድንጋይ ቀድማ መርጣለች፤ ጥላም ነበረው።

ፌንጣ ቦርሳዋን ጥላ ተንበረከከች። «የቱ ነው?»

«ይሄ… ግራው።»

«ሲጫኑት ያማል? እዚህ ጋስ?»

«ሁሉም ጋ ነው የሚያመኝ። ሞቻለሁ በይኝ።»

ልጅቱ ፋሻ አውጥታ ጉልበቷን በጥንቃቄ አሰረች። ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ፤ እጇ አንድም ጊዜ አልተጣደፈም። ከዚያ ቀና ብላ የሰንሰለቱን መንገድ አየች። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ነው።

እትዬ መርፌ ለልመናው ተዘጋጅታለች። «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን» ትላለች፣ «ትንሽም አልችልም» እላታለሁ። «በሞቴ» ትላለች፣ «በኔ ሞት ይቅርብሽ» እላታለሁ። ለቅሶም ቢመጣ መልስ አለ።

«እሺ» አለች ፌንጣ። «እንመለሳለን።»

ዳቦ እንገዛለን እንደምትል፣ እንደዚያ አለችው።

አለቃው ቀረብ አለ። «ቆርጠሻል?»

«ቆርጫለሁ። እንግዳዬን አሟታል።»

ፊሽካዋን ወደ አፏ አድርጋ መመለሷን አሳወቀች። ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ከማዶው ተራራ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ከሌላ፣ ከማይታይ አለት፤ ከዚያ ከታች፣ ከሰማያዊው ጥልቅ። ተራራው ነገሩን እየተቀባበለ ለዘመድ የሚያወራ መሰለ። እትዬ መርፌ ሰውነቷ ውርር አለ። የሷ ትንሽ ውሸት ናት ይህን ሁሉ ተራራ ያናገረችው።

ልጅቱ ገመዷን በክንዷ ልክ እየለካች፣ እጥፉን ከእጥፉ ላይ እያስተካከለች ሰበሰበችው። እትዬ መርፌ ያን አስተጣጠፍ ታውቀዋለች። ጣቃ ጨርቅ እንዲያ አድርጋ ማጠፍ ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ ያኔ ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ለመድረስ በርጩማ ላይ ትቆም ነበር።

ወደታች ጀመሩ። ፌንጣ ከፊት፣ ሁልጊዜ በገደሉ በኩል፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሯ ሞክራ፣ «እዚህ ርገጪ» እያለች። አሁን እትዬ መርፌ ልብ አለችው። ከጠዋት ጀምሮ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ልጅቱ ጎኗን ስትቀይር ነበር። አንድም ጊዜ አያቷን በገደሉ በኩል አላስኬደችም። ያቺ ከመስኮት የዘለለችው ልጅ የት ሄደች?

«አትናደጂም?» አለቻት።

«በማን?»

«በኔ ነዋ። ቀንሽን አበላሸሁት።»

«የዛሬ ሥራዬ አንቺን ቤትሽ ማድረስ ነው። ቤትሽ ትደርሻለሽ።» ድምጿ መጨረሻው ላይ ሳሳ፤ ወዲያው መልሳ አወፈረችው። «ቆይ፣ ቁሚ። ቁሚና ወደታች እይ።»

አንድ ንስር ከእነሱ በታች ይበር ነበር።

ከበታች! እትዬ መርፌ በዕድሜዋ ያየቻቸው ወፎች ሁሉ ሆዳቸውን ነው ያሳዩዋት። ይህ ጀርባውን ሰጥቷታል። ፀሐይ ክንፉ ላይ ወርቃማ ሆና ተኝታለች፣ ላባዎቹ ከዳር እንደ ጣት ተዘርግተዋል፣ ራሱን አዘንብሎ ከሱም በታች ያለውን ዓለም ይቃኛል። ክንፉን አያርገበግብም። አየር ላይ ይዞት ያለው ምን እንደሆነ አይታይም፤ ግን ይዞታል።

ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ንስሩ ከአለቱ ጎን ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ከላይ» አለች እትዬ መርፌ፣ «ከመስኮቱ ምን ይታያል?»

«አልነግርሽም።»

«ለምን? ተኮራረፍን?»

«አልችልማ፣ እምዬ። ለእናቴ በስልክ ስንቴ ሞከርኩ። ‹ተራራ ነው፣ ደመና ነው› እላለሁ። ከአፌ ሲወጣ ያንሳል።»

እትዬ መርፌ መሬት መሬት አየች። በዚህች ልጅ ላይ ልብስ እንጂ ውሸት ሰፍታ አታውቅም ነበር።

«ጉልበቴ ደኅና ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«የታሰረው ግራው ነው። ስታነክሺ የመጣሽው በቀኙ።»

ከኋላቸው የአለቃው ሳል ተነሣ። ይህኛው ሳል ግን ሳቅ እንደሆነ ለማንም አልተሰወረም።

«አንቺ መዘዘኛ! እያወቅሽ ነው የመለስሽኝ? እያወቅሽ ሥራሽን የጣልሽው?»

ፌንጣ ወደ አያቷ ዞራ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት። «እምዬ፣ ያንን ሰንሰለት ያልፈለገ ሰው አይዘውም። ቢይዘውም በግማሽ እጁ ነው። በግማሽ እጅሽ እንድትይዢው አልወስድሽም። ለዓርማ ብዬ? አንቺን?»

እትዬ መርፌ ያን ሁሉ ዘመን ስትፈራ የኖረችው ለዚህች ልጅ ነው፤ ልጅቱም በበኩሏ ለሷ ስትፈራ፣ ፍርሃቷንም ሥራ አድርጋ በእጇና በእግሯ ስትሠራው ኖራለች። ወደ አለቃው ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ፊሽካው አንዴ ተነፍቷል። አለቀ ማለት ነው?»

አለቃው ለመናገር ተፈቅዶለት እንደሆነ ፌንጣን አየ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«መሪ ከመለሰ መልሷል፣ እማማ። ልውጣ ማለት የሚችለው እንግዳው ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ አፍ፣ ለመሪው።»

ከባድ ነገር አይደለም። ሆኖም እትዬ መርፌ በዕድሜዋ ማንንም «ውሰዱኝ» ብላ አታውቅም፤ «ተመለሱ»፣ «ተጠንቀቁ»፣ «አትሂዱ» እንጂ።

«ፌንጣ።»

«አቤት፣ እምዬ።»

«መስኮቱ ድረስ ውሰጂኝ። በሙሉ እጄ እይዘዋለሁ።»

ልጅቱ ወዲያው እሺ አላለችም። ሰማዩን አየች፣ ከታች የሚንቀሳቀሰውን ጉም አየች፣ የአያቷን ፊትም እንደ ሰማዩ መረመረች። ከዚያ ነው ጎንበስ ብላ ፋሻውን የፈታችው።

ሰንሰለቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሰው እጅ ያለሰለሰው፣ ከባድ፣ ታማኝ። እትዬ መርፌ ወገቧ ላይ ገመድ ታስሯል፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ፌንጣ ወገብ ላይ ነው። ጉልበቷ ውሃ ሆኗል፤ የእውነት አሁን! «ግድግዳውን እያየሽ። ረገጥ፣ ለቀቅ» ትላለች ልጅቱ። አለቱ ከአፍንጫዋ ሥር ነው፤ ውስጡ እንደ ዶቃ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች አሉት። ረገጥ፣ ለቀቅ። ነፋሱ ቀሚሷን ይዞ ጎተተ፤ «ተወኝ አንተ!» አለችው። አንድ ቦታ ላይ ፌንጣ ሳቀች፤ እሷም ለምን እንደሳቀች ሳታውቅ ሳቀች። እየተንቀጠቀጡ መሳቅ እንዳለ ያን ቀን አወቀች።

ከዚያ እርከኑ ሰፋ፣ ጥላ ሆነ፣ ብርሃን ሆነ፤ መስኮቱ ውስጥ ቆመዋል።

ፀሐይ ከጀርባቸው በተበሳው አለት በኩል ትገባለች። ገደሉ ፊት ለፊታቸው የለም። እነሱ ሰንሰለቱን ሲያልፉ ጉሙ ከታች ተነሥቶ እስከ አፉ ሞልቶታል፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ፣ ማለቂያ የሌለው፣ የተራሮቹ ራሶች ብቻ በላዩ ላይ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ያሉበት። ድምፅ የለም። ነፋሱ እንኳ ቆሟል።

በጉሙም ላይ የመስኮቱ ጥላ ተጥሏል፤ ተራራ የሚያክል መስኮት። በመስኮቱ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። እትዬ መርፌ እጇን ቀና አደረገች። ከሩቅ፣ ከደመናው ላይ፣ አንዷ እጇን ቀና አደረገች። በዚያች በአንዷ ራስ ዙሪያ ደግሞ ሙሉ ክብ ቀስተ ደመና በርቷል።

እትዬ መርፌ እዚያው አለቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አምላኬ ሆይ» አለች። «እኔ ላይ ነው! ቀለበቱ እኔ ራስ ላይ ነው! አንቺ ላይ የለም።»

«ኧረ እኔ ራስ ላይ ነው» አለች ፌንጣ አጠገቧ እየተቀመጠች። «ያንቺ ላይ ነው የሌለው።»

«ዓይኔን ልትክጂኝ ነው? ይኸውልሽ!»

አለቃው ከኋላ ሆኖ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሁሉም የሚያየው የራሱን ብቻ ነው። እኔም አሁን እኔ ራስ ላይ ነው የማየው።»

እትዬ መርፌ ነገሩን አልወደደችውም። ይህን የመሰለ ነገር ሰማይ አውጥቶ፣ ልጇ ራስ ላይ ሳታየው ልትቀር ነው? አሰበችና የልጅቱን አንገት አቅፋ ራሷን ከራሷ ጋር አጣበቀችው፤ ጉንጭ ከጉንጭ። ከደመናው ላይ ሁለቱ ጥላዎች ተጠጋግተው አንድ ሆኑ። ቀለበቱም ሁለቱን አንድ ላይ ከበባቸው።

«አሁንስ?» አለች በሹክሹክታ።

«አሁን ሁለታችንም ላይ ነው» አለች ፌንጣ።

እንደዚያው ተጣብቀው ቆዩ። የፌንጣ የቅንድብ ጠባሳ የእትዬ መርፌን እንደ ሰሌን የደረቀ ጉንጭ ይነካል። የአያትየዋ ልብ፣ ያ ለዘመናት ሲሮጥ የኖረው፣ ሩጫውን ትቶ ቁጭ ብሎ የሚያይ መሰላት።

ጉሙ መሣሣት ሲጀምር አለቃው ከኪሱ የጨርቅ ዓርማ አውጥቶ ከመርፌ ቁልፍ ጋር ለእትዬ መርፌ ሰጣት። መሪው ደረት ላይ የሚሰካው እንግዳው ነው፤ ልማዱ ነው።

መርፌ ቁልፉን አገላብጣ አየችና መለሰችለት። «ይሄ ይወድቃል። ገደል ለገደል የምትሄድ ልጅ በመርፌ ቁልፍ?» ከኮሌታዋ ሥር ሁልጊዜ ተሰክታ የምትኖረውን መርፌ ከነክሯ ነቀለች። «ነይ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ።»

እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጣ ሰፋችው። ስፌቱ ዝንፍ አላለም። ቀና ባለች ቁጥር ቧንቧም፣ ግድግዳም የለም። ደመናው እየተቀደደ፣ ገደሉ ከሥሩ ሰማያዊ እየሆነ፣ ያ ፏፏቴ ማዶ ላይ እየወደቀና እየጠፋ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች፤ ጎንበስ ብላ ትወጋለች፤ ደግሞ ቀና ትላለች። ሥራው በዚህ ምክንያት ከሚገባው በላይ ቆየ። ማንም አላጣደፋትም።

ቋጠሮውን ደጋግማ አጠበቀችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ዓርማውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

«ጋዋኑን ለአክስትሽ አሳጥርላታለሁ» አለች። ከዚያ የልጅቱን ክንድ ነክታ ፊቷን ቋጠረች። «ቀዝቅዘሻል። ሹራቡን አምጪው። ያኛውንም ለአለቃሽ ስጪው፤ አይግደርደር በይው።»